ጆሮ ጠቢዋና የቀኝ እግር ጫማ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የባጃጅ ተሳፋሪ ሆኛለሁ። ባለባጃጁ ፍሬን በያዘ ቁጥር ቀኝ እግሬ ሳላዘው ወለሉን ይረግጣል። «አባት፣ ምነው እግርዎን አመመዎት?» ያለኝ አለ። አላመመኝም። ሠላሳ አራት ዓመት የሠራ እግር ሥራ መፍታቱን አላምን ብሎ ነው።

ትዝታህን ጻፍ የሚሉኝ ሰዎች ስለ መንገድ የምጽፍ ይመስላቸዋል። ስለ መንገድም እጽፋለሁ። ነገር ግን የእኔ የሥራ ዘመን ቢጨመቅ የሚወጣው አንድ ሰው ነው፤ ሰይድ ይባላል። ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ግቢ መኪና አቁመናል፤ ሃያ ስድስት ዓመት ቀንቼበታለሁ። ለንስሐ አባቴ ተናግሬዋለሁ፣ አሁን ደግሞ ለእናንተ። ያሳፍራል። ሳላፍር ዋሽቼ የማውቅ ሰው ስለሆንሁ ግን አፍሬ እውነቱን ብናገር ይሻለኛል።

መንዳት ያስተማሩን የኔታ ዘውዱ ናቸው። የኔታ የተባሉት የቆሎ ተማሪ ሰብስበው አይደለም። በልጅነታቸው ከጣና ገዳማት በአንዱ ዜማ ይማሩ ነበር። አንድ ቀን ተልከው ወደ ባሕር ዳር ተሻገሩ፤ በዚያው ቀሩ። ለምን እንዳቋረጡ ስንጠይቃቸው «ሞተር ሰማሁ» ይሉናል፤ ሌላ መልስ የላቸውም። እኔ ስቀጠር የመሥሪያ ቤታችን የሾፌሮች አሠልጣኝ ነበሩ። መሥሪያ ቤታችን የመስኖና የእርሻ ፕሮጀክት ነው፤ ባለሙያዎቹ በየገጠሩ ስለሚዞሩ ሾፌር ይበዛበታል። አዲስ ሾፌር መንጃ ፈቃዱ ምንም ቢሆን ስድስት ወር ከእሳቸው ጎን ሳይቀመጥ ቁልፍ አይሰጠውም።

የኔታ ጋቢና ሲገቡ የቀኝ እግራቸውን ጫማ አውልቀው ከወንበሩ ሥር ያስቀምጣሉ። የግራውን አያወልቁም፤ «ፍሪሲዮን በጫማም ይረገጣል» ይላሉ። ነዳጅ መስጫውን ግን በካልሲ እንኳ አይነኩትም።

«ፈንታሁን፣ ቤተ መቅደስ በጫማ ይገባል?»

«አይገባም የኔታ።»

«አውልቅ እንግዲያ። በጫማ የረገጥኸው ነገር ምን እንደሚልህ አትሰማም። የተኛ ሕፃን ደረት ላይ እጅህን እንደምታኖር አድርገህ አኑረው።»

ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ፔዳሉ እግሬን በላኝ፣ አቃጠለኝም። በሁለተኛው ወር ሞተሩ ከእግሬ ሥር ሲተነፍስ ይሰማኝ ጀመር። ይህን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አይቻልም፤ አልሞክርም።

ሌላው ልማዳቸው ማንጎራጎር ነበር። ሞተሩ ሲረጋ በግዕዝ ዜማ ዝቅ ብለው ይይዙታል። ሞተሩ ጮኾ ወደ ላይ ሲወጣ ድምፃቸውን አቅጥነው አራራይ ያደርጉታል፤ ያን ጊዜ ማርሽ መቀየር አለብህ። «አራራይ ለማኅሌት ያምራል፣ ለናፍጣ ግን ኪሳራ ነው» ይላሉ። ዓይናቸው ከፊት ካለው መኪና አልፎ፣ ከመኪናው ወዲያ ያለውን ከብት፣ ከከብቱ ወዲያ ያለውን ኩርባ ያያል። ፍሬን ሲይዙ ያየሁበትን ቀን መቁጠር እችላለሁ። «በፍሬን የምታቆመው ሁሉ በናፍጣ የገዛኸው ነው። ቀድመህ ብታይ ኖሮ አትገዛውም ነበር» ይሉኛል። ሲያመሰግኑኝ «ደህና ነህ» ይላሉ። ከዚያ በላይ አያልፉም። እኔም ከዚያ በላይ የሚሉት ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ሰይድ ሲመጣ ግን ከዚያ በላይ እንዳለ አወቅሁ።

ሰይድ ከሐይቁ ዳር ነው፤ አባቱ ጀልባ ሠሪ ነበሩ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው ነው። ከእኔ በስምንት ዓመት ያንሳልና «አያ ፈንታሁን» ይለኛል። የኔታ ጫማውን ሲያስወልቁት አልከበደውም፤ ያደገው ጀልባ ላይ በባዶ እግሩ ነው። ዜማው ላይ ሲደርሱ ግን ተቸገረ። «የኔታ፣ እኔ የእናንተን ዜማ አላውቅ፣ መንዙማ ነው የማውቀው» አላቸው። «የቤትህን አምጣ፤ ሞተር ሃይማኖት አይለይም» አሉት። ለእኔ የሰጡኝ የራሳቸውን ዜማ ነው። ለእሱ ግን የራሱን ተቀበሉለት። ይህን ያሰብሁት በዚያው ቀን ነው፤ ከዚያም አልተውሁትም።

በሦስተኛው ወር ዘር ጭነን ወደ ይፋግ ስንሄድ ሆነ። የኔታ መሐል፣ እኔ በመስኮቱ በኩል፣ ሰይድ መሪ ላይ። ወረታን እንዳለፍን ሰይድ ዳር ይዞ አቆመ።

«የኔታ፣ አንድ ነገር ተለወጠ።»

«ምን ተለወጠ?»

«አላውቅም። ከግራ በኩል ነው።»

እኔ ምንም አልሰማሁም። ወርደን ብናይ የፊት ግራ ጎማው ኩሺኔታ ሊበተን ደርሷል። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ሳንሄድ ጎማው ይወልቅ ነበር። የኔታ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ሰይድን አዩትና «ሰምተሃል» አሉት። አንዲት ቃል ናት። ስትነገር ሰይድ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔ ስምንት ዓመት ከእሳቸው ጋር ተንከራትቼ ያቺን ቃል ሰምቻት አላውቅም። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ጠበቅኋት።

የኔታ ጡረታ ወጡ፤ እኛም በየመስመራችን ተሰማራን። እኔ የቆጋ ግድብ ሥራ ሲጀመር የመራዊ መስመር ተመደበልኝ፤ የሥራ አስኪያጁ ሾፌር ሆንሁ። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አልነበሩም። ግን በመጀመሪያው ቀን ወደ እግሬ አዩና «ፈንታሁን፣ እኔ እንግዳ ይዤ እዞራለሁ፤ በባዶ እግሩ የሚነዳኝ ሰው አልፈልግም» አሉኝ። ጫማዬን አጠለቅሁ። በኋላም አላወለቅሁትም። ጥቁር ጫማ ገዛሁ፣ በየማለዳው አስጠረግሁት፣ የሹም ሾፌር መሆኔን ያየሁት በጫማዬ ነው። ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ሲገቡ ሞተሩን ሳላጠፋ፣ ጋቢናውን አቀዝቅዤ እጠብቃቸዋለሁ። ሞተር አጥፍቶ ጥላ የሚፈልግ ሾፌር ሰነፍ ይመስለኝ ነበር። ሰይድ በዚያው ዘመን በአሮጌ ፒክአፕ የእርሻ ባለሙያዎች ይዞ አንበሳሜና ይፋግ ይመላለሳል። ጭቃ ይገባል፣ ጭቃ ይወጣል። በደረጃ ከእኔ በታች ነው፤ በደመወዝም።

ይሁን እንጂ የኔታ ቤት ስሄድ ሁልጊዜ ቀድሞኝ አገኘዋለሁ። ከአባቱ ዘመዶች ዓሣ ይዞላቸው ይመጣል። ሥጋ ቢሆን ያረደው ሰው ይጠየቃልና አይበሉለትም ነበር፤ ዓሣ ግን ቢላ ያረደው አይደለምና ይበሉለታል። ጾሙን እንኳ ከእኔ በላይ ያውቀዋል። አንድ ጊዜ ሰኞ ቀን ዓሣ ይዤ ብሄድ የየኔታ ልጅ ሳቀችብኝ። የሐዋርያት ጾም ገብቶ ነበርና።

ጆሮ ጠቢዋ የመጣችው ከጡረታዬ አምስት ዓመት ቀደም ብላ ነው። ናፍጣ በወረፋ የሚገኝበት ጊዜ ነበር፤ መሥሪያ ቤቱ መላ ሲፈልግ ከረመና ለየመኪናው አንዳንድ ዕቃ አመጣ። መካኒኮች ሞተር ሲመረምሩ መመርመሪያቸውን የሚሰኩባት ሶኬት ከመሪው ሥር አለች፤ እዚያ ትሰካለች። ከክብሪት ቀፎ አትበልጥም። ነዳጅ ድንገት ስትሰጥ ትጮኻለች፤ ፍሬን ድንገት ስትይዝ ትጮኻለች፤ ቆመህ ሞተር ካላጠፋህም ትጮኻለች። ይህ ሳያንሳት መኪናው ካለበት ቦታ በቀር ሁሉንም ነገር በኔትወርክ ወደ ስምሪት ክፍል ኮምፒውተር ትልካለች። ጆሮ ጠቢ ያልናት ለዚህ ነው። አንዱ ሾፌር «ሚስቴ እንኳ ለምን ቆመህ ነበር ብላኝ አታውቅም» ብሎ አሳቀን።

ኮምፒውተሩን የምትይዘው ሕይወት የምትባል የስምሪት ባለሙያ ናት፤ ትሑት ሰው። በወሩ መጨረሻ ውጤታችንን ከመቶ አድርጋ በማስታወቂያ ሰሌዳው ለጠፈችው። ከላይ ጀምሬ ስሜን ፈለግሁ። ሰይድ፣ ዘጠና አንድ። ወረድሁ። ወረድሁ። ፈንታሁን፣ ሃምሳ ስምንት። ከእኔ በታች ሁለት ሰው ብቻ ነበር፤ አንዱ በመጠጥ የሚታማ ነው።

«ጋሽ ፈንታሁን፣ አይዘኑ» አለችኝ ሕይወት። «የሚጎዳዎት ሞተር አለማጥፋትዎ ነው፤ ደግሞም እግርዎ ትንሽ ይከብዳል። በአንድ ወር ይስተካከላል።»

እግርዎ ይከብዳል። የየኔታን ተማሪ።

በዚያው ሰሞን ማስታወቂያ ወጣ። የአሠልጣኝነቱ ቦታ የኔታ ከለቀቁት ጀምሮ ባዶ ነበር፤ በስድስት ወር ውስጥ ብልጫ ያሳየ ሾፌር እንዲይዘው ተወሰነ። የደመወዙ ጭማሪ ይህን ያህል አልነበረም። እኔ የፈለግሁት ወንበሩን ነው። የኔታ በተቀመጡበት ቦታ ተቀምጬ፣ አዲስ ሾፌር ጎኔ አስቀምጬ ጡረታ መውጣት። ባሕር ዳር ውስጥ ያለ ሾፌር ሁሉ የየኔታ ወራሽ ፈንታሁን ነው እንዲል።

ሞተር ማጥፋት ጀመርሁ፤ ነጥቤ ወደ ስልሳ ስድስት ወጣ። የቀረው እግሬ ነው። መድኃኒቱን አውቀዋለሁ፤ ጫማዬን ማውለቅ ብቻ ነው። ግን ሰይድ ባዶ እግሩን ይነዳል፣ ግቢው ሁሉ ያውቃል። እኔ ጫማ ባወልቅ ሰይድን አየና ተከተለ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ባዶ እግር ከሰይድ በፊት የእኔ እንደነበረ የሚያውቅ ከየኔታ በቀር ማንም አልነበረም። ቅናት እንዲህ ነው፤ የራስህን ንብረት የሌላ ሰው ያስመስልብሃል።

አንድ ቅዳሜ መኪኖቻችን ለመታጠብ ጎን ለጎን ቆመው ነበር። ሁለቱም አንድ ዓይነት ፒክአፕ ናቸው፤ የእኔ አዲስ፣ የእሱ አሮጌ። ሰይድ ባልዲ ሊሞላ ሄደ። እጄን ከመሪው ሥር ሰድጄ የእኔን ነቀልሁ፤ የእሱን ነቀልሁ፤ አለዋወጥሁ። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ዕቃዋን እንጂ መኪናውን አይደለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰይድ በመልካም የነዳው ሁሉ ለእኔ ይጻፋል፣ እኔ የረገጥሁት ሁሉ ለእሱ።

በወሩ መጨረሻ ፈንታሁን ሰማንያ ዘጠኝ፣ ሰይድ ስልሳ አራት። ሾፌሮቹ ትከሻዬን መቱኝ። ሰይድ ሰሌዳው ፊት ለረጅም ጊዜ ቆመ። ይጮኻል፣ ዕቃዋ ተበላሽታለች ይላል ብዬ ጠበቅሁ፤ መልሴንም አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ወደ እኔ መጣ።

«አያ ፈንታሁን፣ እግሬ ከብዷል መሰለኝ። ለእኔ ግን አይታወቀኝም። እስቲ አንድ ቀን አብረኸኝ ውጣና የማጠፋውን ንገረኝ።»

እምቢ የምልበት ምክንያት አጣሁ። አብሬው ወጣሁ። እስከ ሐሙሲት ደርሰን ተመለስን። እውነቱን እናገራለሁ፤ ከየኔታ በኋላ እንደዚያ ሲነዳ ያየሁት ሰው የለም። ከብቱን ሳያስደነግጥ ያልፋል፣ ኩርባው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ በራሱ ጊዜ አልቋል፣ መንዙማውን ከጉሮሮው ሳያወጣ ያንጎራጉራል። የምነቅፈው ነገር ፈለግሁ፤ የለም። ባዶ እጄን መመለስ ደግሞ አቃተኝ።

«ማርሽ ትዘገያለህ» አልሁት። «ሦስተኛ ላይ ብዙ ትቆያለህ። ቶሎ ወደ አራተኛ ግባ፤ ዳገትም ቢሆን።»

«ሞተሩ አይከብደውም?»

«ይከብደው። ትለምደዋለህ።»

ውሸት ነው። ዳገት ላይ በአራተኛ የሚጎተት ሞተር ያቃስታል፣ ይግላል። ይህን ሁለታችንም ከአንድ ሰው ነው የተማርነው። ሰይድ ግን ትንሽ አሰበና «እሺ፣ አላህ ይስጥልኝ» አለኝ። አመነኝ። ስላመነኝም ይበልጥ ጠላሁት።

አሁን ወደ ክፉው ቀን ልምጣ። የሰይድ መኪና የሙቀት መርፌ ከሞተች ቆይታለች። ሰይድ ለጥገና ክፍል ሁለት ጊዜ ጽፏል፤ «ዕቃዋ ሙቀቱን ታያለች፣ ቢግል ከስምሪት ይደወልልሃል» ብለው መለሱለት። ይህን ሳለዋውጥ አላሰብሁትም። ቢታሰበኝ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም፤ እንዲህ አደርግ ነበር ብዬ አልምልም።

ማክሰኞ ቀን ነው። ሥራ አስኪያጁን ይዤ ቆጋ ሄጃለሁ፤ እሳቸው ከገበሬዎቹ ጋር ቦይ ለቦይ ይዞራሉ፣ እኔ ዛፍ ሥር ሞተር አጥፍቼ ተቀምጫለሁ። ስልኬ ጮኸ። ሕይወት ናት።

«ጋሽ ፈንታሁን፣ የሞተርዎ ሙቀት ከልክ አልፏል። የት ነዎት? ቶሎ ያቁሙ።»

መኪናዬን አየሁት። ኮፈኑ ላይ ወፍ ተቀምጣለች። የሚግለው የእኔ ሞተር እንዳልሆነ በዚያው ቅጽበት ገባኝ። የሰይድ ነው። ሰይድ በዚያ ሰዓት ባለሙያ ይዞ ከአንበሳሜ ወዲያ ያለውን ዳገት እየወጣ ነው፤ መርፌዋ አትሠራም፣ የሚደወለው ለእኔ ነው።

መናገር ነበረብኝ። «የሰይድ ነው፣ አብራው ያለችው ባለሙያ ጋ ደውዪ» ብል ያልቅ ነበር። አፌ ግን ሌላ ተናገረ።

«አይቼዋለሁ ሕይወት። ውኃ ጨምሬበታለሁ።»

«እሺ። እከታተለዋለሁ።»

ስልኩን ዘጋሁ። ለሰይድ ደወልሁ፤ አያነሣም። ሰይድ እየነዳ ስልክ አያነሣም፤ ይህንንም ያስተማሩን የኔታ ናቸው። ደገምሁ፤ አያነሣም። ለራሴ «እሱ ጆሮ አለው፣ ይሰማዋል» አልሁ። ሰባት ደቂቃ ያህል እንደዚህ ተቀመጥሁ። ሕይወት እንደገና ስትደውልልኝ ድምፅዋ ተለውጧል። «ጋሽ ፈንታሁን፣ ምንም አልቀነሰም፣ ብሶበታል» አለችኝ። ሁለተኛ ጊዜ ምን እንዳልኋት አላስታውስም። ሦስተኛ አልደወለችም።

የሰይድ ሞተር ዳገቱ አናት ላይ ሊደርስ ሲል ነደደ። ራዲያተሩ ተቀዶ ውኃው አልቆ ነበር። ማንም አልተጎዳም፤ ሞተሩ ግን የሚጠገን አልሆነም። መኪናው በሌላ መኪና ተጎትቶ ግቢ ሲገባ ሰይድ መሪውን ይዞ ተቀምጧል፤ አንገቱን አላነሣም።

የምርመራ ኮሚቴ ተቀመጠ። በሰሌዳው ላይ ነጥቡ የወረደ ሾፌር ነው፤ ሞተር አቃጥሏል፤ ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ከመሪ አገዱት። የሰይድ ናት የምትባለው ዕቃ በዚያ ሰዓት ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው ስትል፣ የእኔዋ ስትጮኽ እንደነበር ሕይወት ለኮሚቴው አሳየች። ዕቃዎቹ ተበላሽተዋል ተባለ። እኔን ማንም አልጠረጠረኝም፤ «ውኃ ጨምሬበታለሁ» ማለቴን እንኳ ያነሣ የለም። በዚያው ሳምንት አሠልጣኝ እንድሆን ታሰብሁ።

ሰይድ የመኪናውን ዕቃዎች ሲያስረክብ አገኘሁት።

«አያ ፈንታሁን፣ ድምፁ ተለውጦ ነበር» አለኝ። «ሰምቼዋለሁ። ግን አራተኛ ላይ ሆኜ ነው፣ ገና አልለመድሁት ይሆናል ብዬ ጆሮዬን አላመንሁትም።»

ይህን ያለኝ ሊወቅሰኝ አልነበረም። ራሱን ነበር የሚወቅሰው።

ዘጠኝ ቀን ዝም አልሁ። በዘጠነኛው ቀን የኔታ ጠሩኝ። ዓይናቸው ያን ጊዜ ከድቷቸዋል፤ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለዩት። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። ሰላምታዬን ተቀበሉና ከጎናቸው አስቀመጡኝ።

«የሰይድ ሞተር ሲነድ ያንተዋ ዕቃ ጮኸች ይባላል።»

«ተበላሽታ ነው ይላሉ የኔታ።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ኮሚቴው።»

«ዕቃ ይበላሻል። ሁለቱ በአንድ ቀን፣ አንዷ የሌላዋን ቃል ይዛ ግን አትበላሽም» አሉ። ከዚያም እጃቸውን ዘርግተው ቀኝ እግሬን ፈለጉት። ጫማዬን ዳሰሱት፤ ጥሩ ተጠርጎ ነበር። «እንዲህ ነው እንዴ የምትነዳው?» አሉኝ።

ከዚያ ቀጥታ ወደ ሕይወት ሄድሁ። እሷ ወደ ሥራ አስኪያጁ ወሰደችኝ። ነገርኋቸው፤ ቅዳሜውን፣ ማርሹን፣ ስልኩን። ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ፣ ከደረጃዬ ዝቅ ተደረግሁ፣ ከሥራ አስኪያጁ መኪና ወርጄ ለችግኝ ጣቢያው ውኃ የሚያመላልስ አሮጌ ቦቴ ተሰጠኝ። ሰይድ ወደ መሪው ተመለሰ፤ አሠልጣኝም ሆነ። ይገባዋል። ይገባዋል ብዬ ስጽፍ አሁንም ጥርሴን ይበላኛል።

ሽማግሌ መላክ ይገባኝ ነበር፤ አፈርሁና ብቻዬን ቤቱ ሄድሁ። ከሐይቁ ዳር ያባቱን ጀልባ ገልብጦ ስንጥቁን እየደፈነ ነው። ቆሜ ሁሉንም ነገርሁት። ሥራውን ሳያቆም ሰማኝ። ሲጨርስ እጁን ጠረገና «ይቅር ብዬሃለሁ አያ ፈንታሁን። ቁጭ በል፣ ምሳ ደርሷል» አለኝ። በቃ። እንዲሰድበኝ ፈልጌ ነበር የሄድሁት። እኔ ብሆን ዓመት እቆይ ነበር። ይቅር በማለትም በለጠኝ፤ ምሳውን እየበላሁም ቀናሁበት።

ቦቴው ላይ ማንም አያየኝም። በመጀመሪያው ቀን ጫማዬን አወለቅሁ። ሃምሳ አምስት ዓመት ሞልቶኝ እንደ ጀማሪ እግሬን በላኝ፣ አቃጠለኝ። ውኃ የሞላ ቦቴ መጥፎ ሾፌርን ወዲያው ያጋልጣል፤ ፍሬን ከያዝህ ውኃው ከኋላ መጥቶ ይገፋሃል። ቀድሜ ማየት ተማርሁ። የየኔታን ግዕዝ ሳንጎራጉር ራሴን ሰማሁት። ጆሮ ጠቢዋ መጮኽ ቀነሰች፤ በመጨረሻም ተወችኝ። በጡረታዬ ወር ሕይወት የመጨረሻውን ውጤት ለጠፈች። ሰይድ ዘጠና አራት፣ ፈንታሁን ዘጠና ሦስት። ያቺን አንድ ነጥብ አሁንም አልጋዬ ላይ ሆኜ እፈልጋታለሁ።

ባለፈው ዓመት ጥር ውስጥ የኔታ ሐይቁን ማሽተት አማረኝ አሉ። በልጅነታቸው ከገዳሙ በታንኳ የተሻገሩበት ወደብ በዘጌ መንገድ ነው። ሰይድ መኪና አስፈቅዶ መጣ። የኔታን ከኋላ ወንበር ትራስ ደግፈን አስቀመጥናቸው። ልቀመጥ ስል ሰይድ ቁልፉን እጄ ላይ አደረገና «አንተ ንዳ፣ ናፍቆሃል» አለኝ በሹክሹክታ። እሱ ከጎኔ ተቀመጠ። ጫማዬን አውልቄ ከወንበሩ ሥር ከተትሁ።

መንገዱ ጉድጓድ ይበዛበታል። ከሩቅ የመጣ ጋሪ አየሁና እግሬን አነሣሁ፤ ጋሪው ሲያልፍ እኛም ደረስን፣ ፍሬን አልነካሁም። ዳገቷ ላይ ሞተሩ ሊከብደው ሲል ማርሽ አወረድሁለት። የኔታ ከኋላ ማንጎራጎር ጀመሩ፣ ዝቅ ያለውን፤ እስከ ወደቡ ድረስ ድምፃቸውን አንድ ጊዜ እንኳ አላቀጠኑትም። ጆሮ ጠቢዋም አልጮኸችም።

ውኃው ዳር ስንደርስ ሞተሩን አጠፋሁ። የማዕበሉ ድምፅ ገባ። የኔታ ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ ናቸው።

«ሰይድ» አሉ።

ሰይድ ዞረ። «አቤት የኔታ።»

«ዛሬ ሰምተሃል።»

ሰይድ ወደ እኔ አየ። አፉን ከፈተ። «የኔታ፣ የነዳው እኮ…» ሲል እጄን ጉልበቱ ላይ ጫንሁ፤ ራሴን ነቀነቅሁ። እሱ በነዳው እኔ አንድ ወር ሙሉ ተመስግኛለሁ። ቀናሁ፤ አልዋሽም። ሠላሳ ዓመት የጠበቅኋት ቃል እግሬ ሥር ድረስ መጥታ በእሱ ስም ተጠራች። ግን እጄን ከጉልበቱ አላነሣሁም።

«እርስዎ ያስተማሩኝ ነው» አለ ሰይድ።

ወርዶ በሩን ከፈተላቸው፤ ክንዳቸውን ይዞ ወደ ውኃው ወሰዳቸው። እኔ የቀኝ እግሬን ጫማ ከወንበሩ ሥር ስፈልግ ጥቂት ቆየሁ።